የስቴሽን ዋገን ምግባሩና ሕጸጹ፤ ለቤተሰብ መኪና ገዢ የሚሆን ምክር

ሕዝቡ ስቴሽን ዋገን፣ ባጭሩም ስቴሽን እያለ የሚጠራው ባለ ረጅም ጀርባ የቤት መኪና ከሌላው አውቶሞቢል የሚለየው፣ ጣሪያው ከሹፌሩ ራስ በላይ ተነሥቶ ሳያጎነብስ እስከ ኋለኛው በር ድረስ በመዝለቁና ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ሰፊ የዕቃ ማደሪያ በመተዉ ነው። ምግባሩ ሁሉ ከዚህ ከረጅም ጀርባው ይመነጫል፤ ሕጸጹም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው የፊቱን ውበትና የቀለሙን ማማር አይቶ ከመወሰኑ አስቀድሞ ጀርባውን ሊመረምር፣ ባዶውንም ሳይሆን የገዛ ቤተሰቡን አሳፍሮ ሊፈትነው ይገባል፤ የጭነት በቅሎ የሚገዛ ገበሬ ሳይጭናት ዋጋ አይቆርጥምና።

ከዚህ በታች በሰባት አንቀጽ ተከፍሎ የቀረበው ምክር በልደታና በአካባቢዋ ለሚኖር ቤተሰብ የታሰበ ነው። ልደታ ለዚህ ጉዳይ ምቹም አስቸጋሪም ሰፈር ናት። ምቹ የሚያደርጋት ወደ ተክለ ሃይማኖትና ወደ መርካቶ አቅጣጫ ጥቂት እንደ ተጓዙ የመለዋወጫው ገበያ ሶማሌ ተራ መገኘቱ፣ የእንጦጦም አቀበት ለፈተና ቅርብ መሆኑ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርጋት ደግሞ የጥንቱ ሰፈር ፈርሶ ብዙው ስፍራ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተተካ ወዲህ የግል ግቢ ያለው ሰው እያነሰ መሄዱና፣ ረጅሙ መኪና በጋራ ቅጥር ውስጥ ከጎረቤት መኪና ጋር ተጋፍቶ እንዲያድር መገደዱ ነው።

አንደኛ፤ የቤትዎን ጭነት አስቀድመው ይመዝኑ

ወደ ደላላ ከመሄድዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡና መኪናው በዓመት ውስጥ ማንን፣ ምንን፣ ወዴት እንደሚያደርስ በዝርዝር ይጻፉ። ልጆቹ በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አያቲቱ በሰንበት ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መድረስ ይፈልጋሉ፤ ለግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ንፍሮውና ዳቦው፣ ለማኅበሩ ጠላው፣ ለፋሲካ በጉ፣ ለዕድሩ አንዳንድ ጊዜ ድንኳኑና ወንበሩ ይጫናል፤ ከእህል በረንዳ ጤፍ ይመጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ለታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚደረግ ጉዞ ይኖር ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ኑሮ ከተዘጋ የኋላ ሻንጣ ይልቅ ክፍቱ የስቴሽን ጀርባ እጅግ ይስማማል፤ የመጫኛው ደፍ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከባድ ዕቃን እስከ ደረት ማንሣት አያስፈልግም፤ የኋላው መቀመጫ ሲታጠፍም አልጋና ቁም ሣጥን እንኳ የሚገባበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን ስፍራ ሌላ፣ አቅም ሌላ መሆኑን ይወቁ። አንድ መኪና የሚሸከመው ጭነት በፋብሪካው የተወሰነ ሲሆን፣ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የባዶው መኪና ክብደት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። በመካከለኛ ስቴሽኖች ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እንግዲህ እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ዐዋቂዎች 325 ኪሎ ይሆናሉ፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲታከልበት 425 ይሞላል፤ ሁለተኛው ኩንታል ሲገባ 525 ሆኖ ከወሰኑ ያልፋል፤ በኋላው ክፍል ግን ገና ብዙ ባዶ ስፍራ ይታያል። የስቴሽን ታላቁ ፈተና ይህ ነው፤ ሆዱ ከጉልበቱ ስለሚሰፋ ባለቤቱን ከመጠን በላይ እንዲጭን ያባብለዋል። በዝርዝርዎ ላይ ያለው ጭነት ዘወትር ከወሰኑ የሚያልፍ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ስቴሽን ሳይሆን ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና ነውና አሳብዎን ከወዲሁ ይለውጡ።

ሁለተኛ፤ ዓይነቱን ይምረጡ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሠራ ስቴሽን የሚሻ ሰው ምርጫው አስቀድመው ከገቡት መካከል ሆኗል። ስለዚህ የሚገዙት መኪና አሮጌ መሆኑ አያስገርምዎ፤ ዕድሜውን ሳይሆን አያያዙን ይመርምሩ።

ከጥንቶቹ መካከል ሁለቱን ማንሣት ይበቃል። በ1968 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ፔጆ 504 በስቴሽንነቱ ከአውቶሞቢሉ ይልቅ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ረዝሞ 2.90 ሜትር ደርሷል፤ ከኋላ አክስሉ ላይም በሁለት ፈንታ አራት ሞላዎች ተተክለውለታል፤ የቤተሰብ ተብሎ የተሠራው ደግሞ በሦስት ረድፍ መቀመጫ ነበረው። ይህ ሁሉ ጭነት የሚችልና ጉድጓድን በልስላሴ የሚያልፍ አድርጎታል፤ በዚህ ዘመን ግን የአካል ክፍሎቹን ማግኘት ትዕግሥትን ይጠይቃል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣውና አገሩ ሁሉ ዲኤክስ እያለ የሚያውቀው የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ በበኩሉ በስቴሽንነቱ ከኋላ በባሌስትራ የቆመ ነው። ባሌስትራው ጭነትን በጽናት ይሸከማል፤ መኪናው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ግን በኮብልስቶን ላይ ያንገጫግጫል። የሞተሩ ቀላልነት በማንኛውም ጋራዥ የሚያውቀው መካኒክ እንዲገኝ ስለሚያደርግ፣ ገንዘቡ ለተወሰነ ሰው ታላቅ ጸጋ ነው።

ከእነዚህ በኋላ የተሠሩት ስቴሽኖች ፍሬናቸውም የአደጋ መከላከያቸውም ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በኬንያ ጎዳናዎች ሞልቶ የሚታየውን ኮሮላ ፊልደርን የመሰሉ የጃፓን ስቴሽኖች ለግራ መንገድ የተሠሩ በመሆናቸው መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው፤ አገራችን ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረበት መኪና ቢቀርብልዎ የዋጋው ማነስ አያታልልዎ፤ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ፔዳልና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በማን እጅ እንደ ተዛወሩ ማረጋገጥ ካልተቻለ ይተዉት።

ሦስተኛ፤ ቆሞ ሳለ ጀርባውን ይመርምሩ

መኪናውን በቀን ብርሃን፣ በደልዳላ ስፍራ፣ ሳይታጠብ ቢያዩት ይመረጣል። ከዚያም የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይፈጽሙ።

ሀ) ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ርቀው ከጎኑ ይመልከቱት። ባዶ ሳለ ጭራው ወደ ምድር ያዘነበለ መኪና ሞላው ወይም ባሌስትራው ለብዙ ዘመን ከአቅሙ በላይ ሲሸከም የኖረ ነው። የባሌስትራውን ብረቶች አንድ በአንድ ይዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የተሰነጠቀ ወይም በቅርቡ የተጨመረ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት መኪናውን የንግድ ዕቃ መጫኛ አድርጎት እንደ ነበረ ይጠርጥሩ።

ለ) የኋላውን በር እስከ እኩሌታው ከፍተው ይልቀቁት። ደጋፊ ዘንጎቹ የደከሙ እንደ ሆነ በሩ ይወርዳል፤ ይህም ዕቃ በሚያወርድ ሰው ራስ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው።

ሐ) ከሁሉ የሚበልጠውን ምርመራ እዚህ ላይ ያድርጉ። ቀጭን ወረቀት በበሩ ጎማና በአካሉ መካከል አስገብተው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ፤ ይህንንም በበሩ ዙሪያ ሁሉ ይደጋግሙ። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል በወጣበት ስፍራ ጎማው ሞቷል። ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ ስቴሽን ሲሄድ ከበስተኋላው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በዚያች ቀዳዳ አቧራው ብቻ ሳይሆን ከማርሚታው የሚወጣው ጢስም ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታና ቀለም ስለሌለው በኋላ መቀመጫ የተኙትን ሕፃናት ሳይታወቅ ሊገድል ይችላል።

መ) የወለሉን ምንጣፍ አንሥተው ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ስፍራ ይዩ። የክረምቱ ውኃ በጎን መስተዋቶችና በመብራቶቹ ዙሪያ ሾልኮ የሚጠራቀመው በዚያ ነውና፣ ዝገት ቢኖር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክሪኩም በስፍራው መኖሩን ያረጋግጡ።

ሠ) በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ይዘው በኋለኛው ጎማ ዙሪያና በበሩ ግርጌ ያስጠጉ። ማግኔቱ የማይዝበት ስፍራ ብረቱ ተበልቶ በስቱኮ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ረ) መቀመጫዎቹን ሁሉ አጥፈው ይመልሱ፤ የእያንዳንዱም መቀመጫ የደኅንነት ቀበቶ መኖሩንና መያዙን ይፈትኑ። ሦስተኛ ረድፍ ያለው ከሆነ በዚያ የሚቀመጥ ልጅ ከኋለኛው በር በስንዝር ርቀት ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት መከላከያው እጅግ ጥቂት ነው።

ሰ) በጎማዎቹ ጎን የታተመውን ባለ አራት አኀዝ ቁጥር ያንብቡ። 2319 ቢል ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ ጭነት ሲበዛበትና ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

አራተኛ፤ ቤተሰብዎን አሳፍረው ይፈትኑት

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚወድደው ገዢው ብቻውን ተቀምጦ አንድ ሁለት ዙር እንዲዞር ነው። እርስዎ ግን ከቤትዎ ነዋሪዎች አራቱን ወይም አምስቱን አሳፍረው፣ ከኋላም ጥቂት ዕቃ ጭነው ከልደታ በተግባረ ዕድ በኩል ወደ ሜክሲኮ ይውጡ፤ ከዚያም ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎና ወደ ሽሮ ሜዳ ዘልቀው የእንጦጦን አቀበት ይያያዙት። ሻጩ ይህን ከከለከለ የሚፈራው ነገር አለ ብሎ ማሰብ ኃጢአት አይሆንም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኃይል ሩቡን ያህል ያጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ደግሞ ከዚያ ይብስበታል። ባዶውን በሜዳ ላይ ቀልጣፋ የመሰለው ስቴሽን አምስት ሰው ጭኖ በዚህ አቀበት ሲወጣ እውነተኛ ባሕርዩ ይገለጣል። የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ቢያሻቅብ፣ ፍሪሲዮኑ ቢሸትት፣ ሞተሩ ሲጮኽ መኪናው ግን ባይፈጥን ማስታወሻ ይያዙ። የካርቡራተር ሞተር ከሆነ ጥቁር ጢስ ማብዛቱ ለከፍታው ያልተስተካከለ መሆኑን ያመለክታልና፣ ይህ በጥቂት ወጪ የሚታረም ጉድለት ነው፤ ሰማያዊ ጢስ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን የሚናገር ምስክር ነው።

ቁልቁል ሲመለሱ ማርሹን ዝቅ አድርገው በሞተሩ ኃይል እየያዙ ይውረዱ፤ በመካከሉም ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይሞክሩ። ፔዳሉ እየላላ ከሄደ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚያወርደውን የዓባይን በረሃ በዚህ መኪና ማሰብ አይገባም። በብዙ ስቴሽኖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር ተያይዞ እንደ ጭነቱ ብዛት የኋላውን ፍሬን የሚያጠብቅና የሚያላላ ቫልቭ አለ፤ ይህ ቫልቭ ዝጎ ከቆመ የኋላ ጎማዎች በድንገት ተይዘው መኪናው ጭራውን ይወረውራል። በተለይ በርጥብ መንገድ ይህ ምልክት ከታየ ወደ መካኒክ ሳይቀርብ ዋጋ አይነጋገሩ።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮችን ይጨምሩ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችን ከነጭነቱ ሲያልፉ ሆዱ ይነካ እንደ ሆነ ያዳምጡ፤ የስቴሽን ወለል እንደ አውቶሞቢሉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለጠጠር መንገድ ከፍ ካለው መኪና ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ከኋላ የተቀመጡትን ስለ ድምፁ ይጠይቁ፤ ክፍቱ ጀርባ የጎማውንና የማርሚታውን ድምፅ አጉልቶ ያስተጋባልና፣ ሹፌሩ ያልሰማውን ልጆቹ ይሰሙታል። በመጨረሻም መኪናውን ወስደው በሚያድርበት በገዛ ቅጥርዎ ያቁሙት፤ ጭራው ወደ ጎረቤት መተላለፊያ ከወጣ ወይም በሩ ሽቅብ ሲከፈት ከግድግዳ ከተጋጨ፣ ያ ችግር በየቀኑ አብሮዎ የሚኖር ነው።

አምስተኛ፤ ወደ ሶማሌ ተራ ቀድመው ይሂዱ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መለዋወጫውን ይጠይቁ። ከፊት ያለው የስቴሽን አካል ብዙውን ጊዜ ከአውቶሞቢሉ ጋር አንድ ስለ ሆነ የፊት መብራቱም፣ ኮፈኑም፣ የሞተሩም ዕቃ በቀላሉ ይገኛል። የኋላው መብራት፣ የኋላው በር ትልቁ መስተዋት፣ የበሩ ጎማና ደጋፊ ዘንጎች፣ የኋላውም ሞላ ወይም ባሌስትራ ግን ለስቴሽኑ ብቻ የተሠሩ ስለ ሆኑ እንደ ልብ አይገኙም። የእነዚህን ዋጋ ከሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቀው ይጻፉ፤ ከአዲሱና ከአሮጌው የቱን እንደሚነግሩዎም ይለዩ። የሁሉም ዋጋ ሲደመር በቅናሽ ገዛሁት ያሉት መኪና ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የጎደለ ዕቃ ያለበትን መኪናም በዚህ ዝርዝር ተመርኩዘው ዋጋውን ያስቀንሳሉ።

ስድስተኛ፤ ሰነዱን ያጥሩ

በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መስማማቱን ይመልከቱ። የቤት መኪና ሰሌዳ ኮድ 2 ነው፤ ኮድ 3 የሆነ ስቴሽን ቢያጋጥምዎ ለንግድ ሥራ የተመዘገበ መሆኑን ተረድተው ምርመራውን ያጽኑ። የዓመቱ ቦሎ መታደሱን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን፣ መኪናውም ከባንክ ዕዳ፣ ከፍርድ ቤት እገዳና ካልተከፈለ ቀረጥ ነጻ መሆኑን በሰነድ ያረጋግጡ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ሊፈርሙ ይገባል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላልና።

ውሉ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈጸም፤ የተነጋገሩት እውነተኛው ዋጋም ይጻፍበት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን በቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በልደታ የፍርድ ቤት ደጅ ቅርብ መሆኑ ለክርክር አያበረታታዎ፤ በሻጩ ግቢ ውስጥ የሚጠፋው የግማሽ ቀን ምርመራ በችሎት ከሚጠፋው ዓመት ይሻላል።

ሰባተኛ፤ ከገዙ በኋላ አጫጫኑን ይወቁ

ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡ፤ ቀላሉ ወደ በሩ ይሁን። ክብደት ወደ ጭራው በሄደ ቁጥር የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪው ይላላል፤ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያሳውራል። ስቴሽን ዕቃውን ከተሳፋሪ የሚለይ ግድግዳ የለውምና፣ ዕቃው ከመቀመጫው ራስ በላይ እንዳይቆለል፣ የጋዝ ሲሊንደርም ሆነ ክሪክ ያልታሰረ እንዳይቀር ይጠንቀቁ፤ በድንገተኛ ግጭት ጊዜ የተለቀቀ ዕቃ የክብደቱን ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ረጅም ዕቃ ጭነው በሩን በገመድ አስረው ክፍት አድርገው አይሂዱ፤ ስለ ጢሱ ከላይ የተነገረው ያን ጊዜ በሙሉ ይፈጸማል። ፖርቶመጋላ ቢያስገጥሙም ቀላል ዕቃ ብቻ ይጫንበት፤ በጣሪያ ላይ የወጣ ክብደት መኪናውን በኩርባ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ያደርገዋል፤ ቤንዚኑንም ያበዛል።

ጭነት በሚበዛበት ቀን የኋላ ጎማዎችን ነፋስ መመሪያው እስከሚፈቅደው ድረስ ያስጨምሩ። ከውጭ የሚታይ ዕቃ ሌባን ይጋብዛልና የኋላው መጋረጃ ወይም መሸፈኛ ካልኖረው ያሠሩለት። ክረምት ከመግባቱ በፊት የበሩን ጎማና የወለሉን የውኃ መውጫ ያስጸዱ፤ ከክረምቱም በኋላ ምንጣፉን አንሥተው ያድርቁ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። አምስት ስድስት ነፍስ ያለው፣ ብዙ ጊዜውን በአስፋልት የሚጓዝ፣ በየሳምንቱ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ስፋትን ከመኪና ከፍታ የሚያስቀድም ቤተሰብ ለገንዘቡ ከስቴሽን የበለጠ አገልጋይ በቀላሉ አያገኝም። መንገዱ ጠጠርና ጭቃ የሆነበት፣ ማቆሚያው የጠበበበት፣ ወይም በባዶ ስፍራ ሁሉ ኩንታል ከመጨመር ራሱን መግታት የማይችል ሰው ግን ይህን መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። ለመግዛት የቆረጡ እንደ ሆነም ቢያንስ የኋላውን በር የወረቀት ፈተናና የእንጦጦን አቀበት ሳይፈጽሙ ቀብድ አይስጡ።